ሞረድና መለዋወጫ፦ የጥንታዊ ጠመንጃዎች እድሳት ታሪክ

በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፊት የተሠሩ ጠመንጃዎች በአንድ ሞዴል ስም ቢጠሩና ለዓይን መንትያ ቢመስሉም፣ የአንዱ ሞላ ወይም ብሎን በሌላው ላይ የሚገጥመው በአጋጣሚ ብቻ ነበር፤ እያንዳንዱ ክፍል በመስፍ ላይ ተቀጥቅጦ፣ በሞረድ ተሞርዶ፣ ከጎኑ ከሚቀመጠው ክፍል ጋር እየተለካካ የሚሠራው ለዚያ ለአንድ መሣሪያ ብቻ ነበርና። ዛሬ ጥንታዊ መሣሪያ የሚያድስ ባለሙያ የጎደለውን ክፍል ከመደብር ገዝቶ ከመግጠም ይልቅ ከብረት ቁራጭ ተነሥቶ በእጁ ለመሥራት የሚገደደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ የእጅ ሥራ እንደ ጉድለት ተቆጥሮ ከፋብሪካ ወጥቶ፣ ከአንድ መቶ ዓመት ያህል ቆይታ በኋላ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ተመልሷል፤ የተመለሰበት መንገድ ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት ቀጥተኛ አልነበረም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

የዚህ ታሪክ መነሻ የባልጩት ጠመንጃ ነው። በ1610 አካባቢ በሰሜን ፈረንሳይ ሊዝዩ በምትባል የኖርማንዲ ከተማ ይሠራ ከነበረው ከማረን ለ ቡርዧ ስም ጋር የሚያያዘው ይህ ስልት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የአውሮፓ ሠራዊቶች መሣሪያ ሆኖ ቆይቷል። ማቀጣጠያው፣ ማለትም በጠመንጃው ጎን በብሎን የሚታሰረውና ባሩዱን የሚለኩሰው የክፍሎች ስብስብ፣ ከውጭ ሲታይ በመንጋጋው ባልጩት የነከሰ ክንድ፣ ጥቂት ባሩድ የሚጨመርበት ትንሽ ሳህን፣ እንዲሁም ሳህኑን የሚከድንና ባልጩቱ ሲመታው ፍንጣሪ የሚረጭ የጠነከረ ብረት ክዳን አለው። ከውስጥ ደግሞ ዋናው ሞላ፣ የሞላውን ጉልበት ተቀብሎ ክንዱን የሚያዞረው ዟሪ፣ ዟሪውን በጥርሱ ነክሶ ቃታው እስኪሳብ የሚያቆየው አጋች ይገኛሉ። በእነዚህ መካከል ያለው ሚዛን ስስ ነው፤ ሞላው ከልክ በላይ ቢጠነክር ባልጩቱን ይሰባብራል፣ ቢላላ ፍንጣሪ አይወጣም፣ የአጋቹ ጥርስ በጥቂቱ እንኳ ቢበላ ደግሞ ጠመንጃው ቃታ ሳይሳብ ሊተኩስ ይችላል።

ይህን ሚዛን የሚያስገኘው የሠሪው ዓይንና ሞረድ ነበር። ሠሪው አንዱን ክፍል በሻማ ጥቀርሻ ቀብቶ በሌላው ላይ ይጫነዋል፤ ሲያነሣው ጥቀርሻው የተላለፈበት ቦታ ጎልቶ የቀረ መሆኑን ስለሚያመለክት እሱን ብቻ በሞረድ ይነካና እንደገና ይቀባል፤ ሁለቱ ክፍሎች በሙሉ ገጻቸው እስኪገናኙ ድረስም ይህንኑ ይደጋግማል። እንዲህ የተሠሩ ክፍሎች ለማጠንከር ወደ እሳት ሲገቡ ከሌላ ጠመንጃ ክፍሎች ጋር እንዳይደባለቁ እያንዳንዳቸው በጥቃቅን የሞረድ ጭረት ወይም በሮማውያን ቁጥር ምልክት ይደረግባቸው ነበር። ለዘመኑ ሠራተኛ ተራ ማስታወሻ የነበረው ይህ ጭረት ለዛሬው አዳሽ ከማኅተም የማይተናነስ ማስረጃ ነው፤ ዟሪው ላይ ሦስት ጭረት፣ ክፍሎቹ የሚታሰሩበት ዋናው ሰሌዳ ላይ ግን አምስት ከተገኘ፣ በመካከል የሌላ መሣሪያ ክፍል እንደገባ ያስረዳልና።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይኸው ሙያ ከጀርመንና ከስዊዘርላንድ በተሰደዱ ባለሙያዎች እጅ ወደ ፔንሲልቬንያ ተሻገረ፤ በላንካስተር ዙሪያም ረጅምና ቀጭን አፈሙዝ ያለው፣ ውስጡ በጠመዝማዛ ቦዮች የተቀረጸ፣ ኋላ የአሜሪካ ረጅም ጠመንጃ ተብሎ የታወቀው መሣሪያ ተወለደ። ይሁንና የቅኝ ግዛቱ ጠመንጃ ሠሪ ሁሉንም ክፍል ራሱ ይቀጠቅጥ ነበር ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ብዙዎቹ ማቀጣጠያውን ከእንግሊዝ አገር አስመጥተው ይገጥሙ ነበር፤ የዕለት እንጀራቸውም በአብዛኛው የሚገኘው አዲስ መሣሪያ ከመሥራት ሳይሆን የተሰበረ ሞላ ከመተካት፣ የዛለ የክዳን ገጽ ከማደስና የተቃጠለ የባሩድ ቀዳዳ ከመድፈን ነበር። ስለዚህ ጥገና ለዚህ ሙያ በኋላ የተጨመረለት ቅርንጫፍ አይደለም፤ ከጥንቱም የኖረበት ሥራ ነው።

የጦር ሚኒስቴሮች ግን በዚህ አሠራር መማረር የጀመሩት ገና ቀድመው ነበር። በጦር ሜዳ የተሰበረ ጠመንጃ ባለሙያ እስኪያገኝ ከአገልግሎት ውጭ ስለሚሆን፣ በፈረንሳይ ኦኖሬ ብላንክ የተባለ የመሣሪያ ሥራ ተቆጣጣሪ በ1780ዎቹ ክፍሎችን በቅርጽ ማውጫ እየቀጠቀጠ፣ በመምሪያ እያስሞረደና በጠንካራ መለኪያ እያስመረመረ የሁሉም ልክ አንድ እንዲሆን የሚያደርግ ስልት አወጣ። በ1785 በፓሪስ የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረው ቶማስ ጀፈርሰን የብላንክን ሥራ ቦታ ጎብኝቶ፣ በተለያዩ ሣጥኖች ከተደረደሩት የ50 ማቀጣጠያዎች ክፍሎች እጁ ያገኘውን እያነሣ ጥቂት ማቀጣጠያዎችን ራሱ እንደ ገጣጠመና ሁሉም በትክክል እንደ ሰመሩለት በነሐሴ ወር ለጆን ጄይ በጻፈው ደብዳቤ ገልጿል። ጎልቶ መታየት የሚገባው ነገር የብላንክ ሠራተኞችም መሣሪያቸው አሁንም ሞረድ መሆኑ ነው። የተለወጠው ሞረዱን የሚመራው ነገር ነው፤ ቀድሞ አጠገቡ ያለው ክፍል ይመራው ነበር፣ አሁን ግን ከሁሉም በላይ የተቀመጠ አንድ መለኪያ ይመራዋል።

በአሜሪካ ይህ ሐሳብ ከሥራው ቀድሞ ዝናው ተሰማ። ኢላይ ዊትኒ በ1798 ለመንግሥት 10,000 ጠመንጃ በሁለት ዓመት ውስጥ ሠርቶ ለማስረከብ ውል ገባ፤ በ1801 በዋሽንግተን ባለሥልጣናት ፊት ክፍሎችን እያቀያየረ በመግጠም አድናቆትን አተረፈ፤ የመጨረሻዎቹን ጠመንጃዎች ያስረከበው ግን በ1809 ነው። ለረጅም ጊዜ የመለዋወጫ አባት ተብሎ ሲወደስ ከቆየ በኋላ ሮበርት ውድበሪ የተባለ የቴክኖሎጂ ታሪክ ጸሐፊ በ1960 ባሳተመው ጥናት ይህን ዝና አፈራረሰው፤ ከዊትኒ የቀሩት ጠመንጃዎች ተፈትተው ሲታዩ ክፍሎቻቸው እንደ ድሮው መለያ ጭረት ያለባቸውና እርስ በርስ የማይለዋወጡ ሆነው ተገኝተዋል። ጠመንጃን ፈትቶ መመርመር የታሪክ ክርክርን ሊፈታ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ዊትኒ በቃል የነገረውን በተግባር ያሳየው ከሜይን ግዛት የመጣው ጆን ሆል ነበር። በ1811 ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ የፈጠራ መብት ያገኘው ሆል፣ በ1819 በቨርጂኒያ ሃርፐርስ ፌሪ 1,000 ጠመንጃ ለመሥራት ተዋውሎ ብረት የሚቆርጡ ማሽኖችንና በርካታ መለኪያዎችን አዘጋጀ፤ በ1820ዎቹ መጨረሻ የመጡት መርማሪዎችም ጠመንጃዎቹን ፈትተው፣ ክፍሎቹን አደበላልቀው፣ በአዲስ የእንጨት አካል ላይ ገጥመው ልዩነት ሊያገኙ እንዳልቻሉ መሰከሩ። በ1834 ደግሞ በኮነቲከት ሲሚዮን ኖርዝ የሠራቸው ክፍሎች ከሃርፐርስ ፌሪዎቹ ጋር ይለዋወጡ ጀመር። የ1842 ሞዴል በሚባለው ጠመንጃ ይህ አሠራር ለመላው የአሜሪካ እግረኛ ሠራዊት መሣሪያ ተዳረሰ፤ ከዚያ ወዲህ በመንግሥት ፋብሪካዎች ክፍልን ከክፍል እያለካካ የሚሞርድ ሠራተኛ ቦታው እየጠበበ ሄደ።

በዚሁ ዘመን የተካሄደ ሌላ ለውጥ ለኋለኞቹ አዳሾች የራስ ምታት አስቀርቷል። የስኮትላንዱ ቄስ አሌክሳንደር ፎርሳይት በ1807 ሲመታ የሚፈነዳ ቅመም በማቀጣጠያነት መጠቀም የሚያስችል የፈጠራ መብት ካገኘ በኋላ፣ ጥቂት ቆይቶ ያንኑ ቅመም የያዘው ትንሽ የመዳብ ቆብ ባልጩትን ከገበያ አስወጣው። ቆቡ ዝናብ አይበግረውም፤ መክሸፉም ከባልጩት እጅግ ያነሰ ነበር። የባልጩት ጠመንጃ ያለው ሰው ግን አሮጌውን ጥሎ አዲስ ከመግዛት ይልቅ ወደ ሠፈሩ ጠመንጃ ሠሪ ይወስደዋል፤ ሠሪው ሳህኑን ቆርጦ፣ ክዳኑንና የክዳኑን ሞላ ፈትቶ፣ በባልጩት ያዡ ክንድ ፈንታ መዶሻ ገጥሞ፣ በአፈሙዙ ጎን የቆብ ማስቀመጫ ጡት ሰክቶ ይመልስለታል። በ1830ዎቹ፣ 1840ዎቹና 1850ዎቹ የመንግሥት ግምጃ ቤቶችም ይህንኑ በብዛት አደረጉ። ስለዚህ እስከ ዛሬ ከቆዩት የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጠመንጃዎች ብዙዎቹ የመጀመሪያ ማቀጣጠያቸውን በሙሉ ይዘው አልደረሱም።

የብሎኑም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841፣ በአሜሪካ ዊልያም ሴለርስ በ1864 የብሎን ጥርስ ወጥ ልክ እንዲኖረው ሐሳብ እስካቀረቡ ድረስ እያንዳንዱ ሠሪ የራሱ የጥርስ ማውጫ ሰሌዳ ነበረው፤ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ጥርስ እንደሚኖርና ጥርሱ ምን ያህል እንደሚሾል የሚወስነው ያ ሰሌዳ ብቻ ነበር። ለዚህ ነው በ1770 ከተሠራ ማቀጣጠያ ላይ አንዲት ብሎን ብትጠፋ አዳሹ በመጀመሪያ የቀዳዳውን ጥርስ ለክቶ፣ በዚያ ልክ የራሱን ጥርስ ማውጫ ሠርቶ፣ ቀጥሎ ብሎኗን የሚያወጣው። ቸኩሎ ቀዳዳውን በዘመናዊ ልክ ያሰፋ ሰው ሥራውን በጥቂት ደቂቃ ይጨርሳል፤ የጥንቱን ጥርስ ግን ማንም ሊመልሰው አይችልም። በእድሳት ሥራ ከሚፈጸሙ ጥፋቶች ሁሉ ይህ ምናልባት እጅግ የተለመደውና በጣም የሚያናድደው ነው።

መለዋወጫ የሚሠራው ፋብሪካው ክፍሉን እስካቀረበ ድረስ መሆኑን ለኢትዮጵያ አንባቢ ማስረዳት ብዙ አያስፈልግም። በ1875 በጉንደት፣ በ1876 በጉራዕ ከግብፅ ጦር የተማረኩት ሬሚንግተን የተባሉ ጠመንጃዎች በኋላ ከመጣው ውጅግራ ከተባለው ጠመንጃ፣ እሱም ከሌሎች አገሮች ከገቡት ጠመንጃዎች ጋር በአንድ ሠራዊት ውስጥ ተሰልፈዋል፤ እያንዳንዳቸው በየፋብሪካቸው ወጥ ልክ ቢኖራቸውም የውጅግራ ሞላ ለሬሚንግተን አይሆንም፣ የሠራቸውም ፋብሪካ ባሕር ማዶ ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ከፋብሪካ የወጣውም ጠመንጃ ሲሰበር ዕጣው እንደ ባልጩቱ ጠመንጃ በቀጥቃጭ እጅ ላይ መውደቅ ይሆናል።

በአሜሪካ የእጅ ሙያው በፋብሪካ ውስጥ ቢያበቃም በአፓላችያ ተራሮች በሚኖሩ ጥቂት ገጠሬ ሠሪዎች ዘንድ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ተንጠባጥቦ ቆይቷል። የከተማው ሰው ወደ አሮጌው ጠመንጃ ፊቱን እንዲመልስ የጆን ዲሊን በ1924 የታተመ የኬንታኪ ጠመንጃ (በሌላ ስሙ የአሜሪካ ረጅም ጠመንጃ) ታሪክ መጽሐፍ አንድ ምክንያት ሆነ፤ በ1931 በኦሃዮ ፖርትስመዝ ከተማ በአፈሙዝ የሚጎርሱ ጠመንጃዎች የተኩስ ውድድር ተካሄደ፤ በ1933 የእነዚሁ ጠመንጃዎች ብሔራዊ ማኅበር ተመሠረተ። ውድድሩ በአሮጌ መሣሪያ ስለሚካሄድ የጥገና ፍላጎት ወዲያው አብሮ መጣ። በዚያን ጊዜ የተደረገው ጥገና ግን በዛሬ ዓይን ሲታይ ብዙ የሚያስወቅስ ነው፤ ዋናው ነገር ጠመንጃው እንዲተኩስ ማድረግ ስለነበር አፈሙዞች በድጋሚ ተፈቀፈቁ፣ የዘመናት መልክ የያዘ ብረት በሸራ ታሽቶ እንደ አዲስ ተወለወለ፣ የተሰበረ የእንጨት አካልም ተጥሎ በሌላ ተተካ።

ለውጡ የመጣው ከቨርጂኒያዋ ዊሊያምስበርግ ነው። የቅኝ ግዛቱ ዋና ከተማ የነበረችውን ይህችን ከተማ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መልኳ ለመመለስ በ1926 በቄስ ጉድዊን ሐሳብና በጆን ሮክፌለር ልጅ ገንዘብ የተጀመረው ሥራ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጠመንጃ ሠሪ ቤትንም ከሙያ ቤቶቹ መካከል አካተተ። የዚህ ቤት ዋና ባለሙያ የሆነው ወጣቱ የቨርጂኒያ ተወላጅ ዋላስ ገስለር ጥያቄውን ከሥሩ አነሣው፦ ከሙዚየም የተገኘ ጠመንጃ ላይ ያለ የመሣሪያ ዱካ የትኛው የማን ሥራ እንደሆነ ለማወቅ ጠመንጃውን ሙሉ በሙሉ በዘመኑ መሣሪያና በዘመኑ መንገድ ሠርቶ ማየት ያስፈልጋል። በዚህም መሠረት በዚያው አሥር ዓመት አፈሙዙንም ማቀጣጠያውንም ብሎኖቹንም ከብረት ዘንግ ተነሥቶ በእጁ የሠራውን ረጅም ጠመንጃ አጠናቀቀ፤ ሥራውም በ1969 ስለ ዊሊያምስበርግ ጠመንጃ ሠሪ በተሠራ ፊልም ተቀርጾ ለብዙዎች ማስተማሪያ ሆነ።

ፊልሙ ከሚያሳያቸው ሁሉ ዓይን የሚይዘው የአፈሙዙ ሥራ ነው። ጠፍጣፋ ብረት በወናፍ በሚነፋ ፍም ግሎ ጠርዝና ጠርዙ እስኪገናኝ በዘንግ ዙሪያ ይጠቀለላል፤ ከመካከሉ ተጀምሮም በጥቂት በጥቂቱ እየጋለ በመዶሻ ይበየዳል፤ በእያንዳንዱ ግለት መካከል ዘንጉ ካልወጣ በውስጡ ተበይዶ ይቀራል። ብየዳው ሲያበቃ ቀዳዳው በረዣዥም መሰርሰሪያ ይጸዳል፣ መጣመሙ በውስጡ በሚወድቀው ጥላ ታይቶ በመዶሻ ይቃናል፣ ከውጭ ስምንት ገጽ እስኪኖረው በሞረድ ይሞረዳል። ጠመዝማዛዎቹ ቦዮች የሚወጡት ደግሞ በራሱ ላይ የመጠምዘዣ ቦይ በተቀረጸበት የእንጨት ግንድ እየተመራ የሚገባና የሚወጣ ትንሽ መቁረጫ ብረቱን እንደ ጸጉር በሳሳ ልክ ደጋግሞ ሲፍቀው ነው። አንድ ጠመንጃ በዚህ መንገድ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዓታት ይፈጃል።

የዚህ ሥራ ጥቅም ለማሳያ ብቻ እንዳልነበረ በፍጥነት ታወቀ። የሞላን ሥራ በእጁ የሚያውቅ ባለሙያ በአሮጌ ማቀጣጠያ ላይ የተገኘ ሞላ የዘመኑ ይሁን የኋላ ሰው ያስገባው ለመለየት የተሻለ ዓይን አለው። ሞላ ከአረብ ብረት ተቀጥቅጦ፣ እጥፉ ጋ ሳይቀጥን ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል፤ ሲሞረድ የሞረዱ ዱካ ወደ ርዝመቱ እንጂ ወደ ጎን አይሄድም፣ የጎን ጭረት ሞላው የሚሰበርበት መስመር ይሆናልና፤ ከዚያ ግሎ ዘይት ውስጥ ገብቶ ይጠነክራል፣ እንደገና በልክ ሞቆ መሰባበሩን ትቶ ይለዝባል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከፋብሪካ የመጣ ሞላ ግን ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር ተመሳሳይ፣ ጎኑም የማሽን ዱካ ያለበት ሊሆን ይችላል።

የብረቱም ዓይነት የራሱን ምስክርነት ይሰጣል። በዚያ ዘመን የተለመደው ብረት በውስጡ የዝቃጭ ጭረቶችን የያዘ፣ ዝገት ሲበላው የእንጨት ዓይነት ሥር የሚያሳይ ሲሆን፣ ዛሬ ከሚሸጠው ወጥ ብረት በእጅጉ ይለያል። ይህ ብረት በንግድ ደረጃ መመረቱ በ1970ዎቹ ስላበቃ አዳሾች ከፈረሱ ድልድዮች፣ ከአሮጌ አጥሮችና ከጋሪ ጎማ ቀለበቶች እየለቀሙ ይጠቀሙበታል፤ ከዘመናዊ ብረት የተሠራ ክፍል ለጊዜው ቢመስልም ቀለሙንና ዝገቱን ከሌሎቹ እኩል አይዝምና።

በእነዚህ ዓመታት የመለዋወጫ ንግድም ተስፋፋ። በ1954 በቴነሲ ዩኒየን ሲቲ የተቋቋመው ዲክሲ ጋን ወርክስ የአሮጌ ጠመንጃ ክፍሎችን በካታሎግ መሸጥ ጀመረ፤ ቀጥሎም ነባር ክንድ ወይም ክዳን በሰም ተቀድቶ፣ ሰሙ በሸክላ ተሸፍኖ ከቀለጠ በኋላ ብረት የሚፈስበት የቀረጻ ስልት ዋጋውን አረከሰው። በ1968 የወጣው የአሜሪካ የመሣሪያ ሕግ ደግሞ እስከ 1898 የተሠሩትን መሣሪያዎች እንደ ጥንታዊ ቆጥሮ ከአብዛኛው ቁጥጥር ነፃ ስላደረጋቸው ሰብሳቢዎችን አበረታታ። ቀረጻው ግን አንድ የማይሸሸው ጠባይ አለው፤ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ቅጂው ከዋናው በጥቂቱ፣ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ያህል፣ ያንሳል፤ ከቅጂ ላይ የተወሰደ ቅጂ ደግሞ ከሱም ያንሳል። አዳሹ የተገዛውን ክፍል እንዳለ መግጠም ስለማይችል ማስፋት ያለበትን በመዶሻ አስፍቶ፣ መቀነስ ያለበትን በሞረድ ቀንሶ እንደ ጥንቱ በጥቀርሻ ያለካካዋል። ለጥንታዊ ጠመንጃ እውነተኛ መለዋወጫ የሚባል ነገር እስካሁን አልተገኘም።

ቅጂው ሲረክስ ግን አንድ አሮጌ ፈተና ተባባሰ። በ1840ዎቹ ወደ ቆብ የተለወጠ ጠመንጃ በባልጩት ማቀጣጠያው ቢኖር ኖሮ ዋጋው ከፍ ይል ስለነበር፣ ሳህንና ክዳን ገጥሞ፣ የቆብ ጡቱን አውጥቶ፣ ቀዳዳውን ደፍኖ ወደ ባልጩት መመለስ የተለመደ ሥራ ሆነ። ሥራው በሐቀኝነት ሲሠራና ለገዥ ሲነገር የሚያስነቅፍ አይደለም፤ አዲሱ ክፍል በአሲድ ተቦርቡሮ፣ ዝገት ተቀብቶ፣ የሐሰት ጭረት ተቆርጦበት የዘመኑ እንዲመስል ሲደረግ ግን ማጭበርበር ነው። የቆብ ለውጡም ራሱ ታሪክ ነው፤ በፔንሲልቬንያ ገጠር አንድ ገበሬ የአባቱን ጠመንጃ አሳድሶ ወደ አደን እንደ ተመለሰ የሚያስረዳውን ማስረጃ አውጥቶ የሚጥል አዳሽ መሣሪያውን ከማደስ ይልቅ የሕይወቱን ግማሽ ቆርጦ ማውጣቱን ልብ ሊል ይገባል።

ለሕንፃዎችና ለሐውልቶች በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር የጎደለን ክፍል የሚተካ ሥራ ከመላው ጋር የሚስማማ፣ ግን ከዋናው የሚለይ እንዲሆን ይጠይቃል። ይህ መርሕ በየሙዚየሞቹ የመሣሪያ ጠባቂዎች ዘንድም ሥር ሰድዷል፤ ዛሬ ጠንቃቃ አዳሽ የሚሠራው ክንድ ወይም ክዳን ከፊት ሲታይ ከማቀጣጠያው ጋር አንድ ሲሆን፣ ከጀርባው፣ መሣሪያው ሳይፈታ በማይታይ ቦታ፣ የተሠራበት ዓመትና የሠሪው ምልክት ይመታበታል፤ ከጠመንጃው የወጣው የቀድሞ ክፍል ቢኖር ደግሞ አይጣልም፣ ተጽፎበት አብሮ ይቀመጣል። በግል ሰብሳቢዎች ዘንድ ይህ አሠራር እስካሁን ያላለቀ ሙግት አለበት፤ ምልክት የተመታበት ክፍል ዋጋ ይቀንሳል የሚሉ ገዥዎች ባሉበት ገበያ ምልክቱን ለመምታት የሚደፍረው አዳሽ ከራሱ ገቢ ላይ የሚቆርጥ ነውና፣ ብዙዎቹ ሥራቸውን የሚመዘግቡት ከብረቱ ላይ ሳይሆን ለደንበኛው በሚሰጡት ወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ ጠመንጃው ሁለተኛ ሲሸጥ አብሮ ላይሄድ ይችላል።